ያለ ድጋፍ

ሽማግሌውን ከመኪናዋ ስር ጎትተው ሲያወጧቸው ነፍሳቸው ወጥታ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አንድ ደግ ሰው ኮቱን አውልቆ ፊታቸውንና ደረታቸውን ሸፍኖላቸዋል። ከኮቱ ስር የሚታዩት ሁለት ጫማዎች አሮጌ ቢሆኑም የተወለወሉ ናቸው፤ ክራቸውም እኩል ታስሯል።

ቦታው ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጡበት ሰፊ ግቢ ነው። መኪናዎቹ በሁለት ረድፍ ቆመው መስታወታቸው ላይ “አንድ ሰው ብቻ የነዳት”፣ “ጭረት የሌላት” የሚሉ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። በኋለኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ትንሽ መኪና አንድ ወገኗን ደፍታ ተቀምጣለች። የፊት ቀኝ ጎማዋ ተፈትቶ ጎኗ ተጋድሟል።

“አደጋ ነው፤” አለ ሳጅኑ፣ ማስታወሻውን እየገለጠ። “ሟች መካኒክ ናቸው። ሰው መኪና ከመግዛቱ በፊት ቀጥሮ የሚያሳያቸው። ሞተር በጆሯቸው አዳምጠው በሽታውን ይናገራሉ ስለሚባል ሰፈሩ ሁሉ ‘ጋሼ ጆሮ’ ነው የሚላቸው። ክሪኩ ከዳቸው።”

“ክሪኩን ማን ነካው?”

“ማንም። ሰዎቹ መኪናዋን በክንዳቸው ነው ያነሷት።”

ኢንስፔክተሯ ተንበረከከች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ ልጅነቷ ያለፈው ዘይት በጠጣ አፈር ላይ ነው፤ ክሪክ ሲያረጅ እንዴት እንደሚከዳ ታውቃለች። ዘይቱን ያለቅሳል፣ ቀስ እያለ ይሰምጣል። እዚህ ግን መሬቱ ደረቅ ነው። ከክሪኩ ስር ያለችው የዘይት መልቀቂያ ብሎን ሁለት ዙር ሙሉ ተፈትታለች። መኪና ስር የተኛ ሰው ደግሞ እጁን እዚያ ድረስ ቢዘረጋም አይደርስም።

“እጀታውን እየው፤” አለች።

ሳጅኑ ጎንበስ አለ። የሟቹ መሣሪያ ሁሉ በግራሶ የተለወሰ ነው። የክሪኩ እጀታ ብቻ ከመደብር የወጣ ይመስል ንጹህ ነበር።

“ተጠርጓል፤” አለ ሳጅኑ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የመሣሪያ ቦርሳውን ከፈተች። መፍቻዎች በየመጠናቸው ተደርድረዋል። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አለ፣ የእጅ ባትሪ አለ። ከስር ሁለት የብረት ድጋፎች ተጋድመዋል፤ መኪና ከተነሣ በኋላ ክሪኩ ቢከዳ እንኳ ሸክሙን እንዲይዙ ስሩ የሚቆሙት ዓይነት። እግሮቻቸው ጥግ ላይ ሳይጠረግ የቀረ የግቢው ቀይ አፈር አለ። ዛሬ አገልግለዋል፤ ከዚያ ተጠርገው ወደ ቦርሳቸው ተመልሰዋል።

የሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ የተቀረጸ እርሳስ ተገኘ። የሚጽፉበት ደብተር ግን የለም።

* * *

መኪናዋን ልትገዛ የነበረችውና አስከሬኑን መጀመሪያ ያየችው አዋላጅ ነርስ ናት። በሽያጭ ቢሮው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ አልጠጣችውም።

“የቀጠርኳቸው ለአስር ሰዓት ነበር፤” አለች። “እሳቸው ግን ቀድመው መጥተው ብቻቸውን ማየት ይወዳሉ። ‘ገዢ አጠገቤ ሲቆም ዓይኑ ቀለሙ ላይ ነው፣ እኔንም ያስቸኩለኛል’ ይላሉ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉልኝ።”

“ምን አሉሽ?”

“‘ልጄ፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ዘይቷም ንጹህ ነው። ምንጣፏን ገልጬ አየሁት፣ ውሃ ገብቷት አያውቅም። የቻሲ ቁጥሯም ከሊብሬው ጋር ይገጥማል’ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ላመሰግናቸው ስል ‘ግን ዛሬ እንዳትፈርሚ። መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ሰው አለ’ አሉ።”

“ማንን ነው የሚጠይቁት?”

“አልነገሩኝም። ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሐኪም ለቤተሰብ መጥፎ ነገር ከመናገሩ በፊት እንደዚያ ነው የሚያወራው። ስለጨነቀኝ ቀድሜ መጣሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መኪናዋ ስር አገኘኋቸው።”

ከቦርሳዋ አንድ የቀጠሮ ካርድ አወጣች። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎበታል። ባለፈው ሳምንት ምን ምን እንደሚያዩ ብትጠይቃቸው ሳይሰስቱ ያስረዷት ነው። ጎማው እኩል ይበላ እንደሆነ፣ መስታወቶቹ የተሠሩበት ዘመን አንድ ዓይነት እንደሆነ፣ ሞተሩ በጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ እንዴት እንደሚነሣ፣ የኮፈኑ ብሎኖች መፍቻ ነክቷቸው እንደሆነ። ከሁሉ በታች እንዲህ ይላል፦ “ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በየጥጉ ማስጠጋት። የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ስር ስቱኮ አለ። ስቱኮ ካለ ተመትታለች።”

የግቢው ዘበኛ በበኩሉ በፊት በር ከነርሷ በቀር ማንም አልገባም ብሎ ማለ። “ከኋላ ግን የመኪና አጣቢዎቹ በር አለ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ የሰፈሩ መብራት ጠፍቷል፤ ይኸው እስካሁን አልመጣም። ፓምፑ ሲቆምባቸው አጣቢዎቹ ሁሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሩን ዘግተውት እንደሆነ እንጃ።”

ኢንስፔክተሯ ሄዳ አየችው። አልተዘጋም።

* * *

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሳይፈለግ ራሱ መጣ። የግቢው ደላላ ነው፤ መኪና ሲሸጥ ጥርሱን ስለማይከድን “ፈገግታ” ይሉታል። ዛሬ ግን ግራ ጉንጩ አብጦ ብርቱካን አህሎ፣ አፉን በመሐረብ ይዞ ነበር።

“አንተና ሟቹ ባለፈው ሳምንት ተጣልታችኋል፤” አለችው ኢንስፔክተሯ።

“ያልተጣላኋቸው ሳምንት አለ እንዴ?” አለ፣ ቃላቱ በመሐረቡ ውስጥ እየታፈኑ። “አምስት ሽያጭ አበላሽተውብኛል! ገዢው ብዕር አንሥቶ ሊፈርም ሲል ‘ይቺ መኪና ወንዝ ገብታ ታውቃለች’ ይላሉ። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ጭቃውን ያሳያሉ። ማን ቀበቶ ስቦ ያያል?”

“‘አንድ ቀን መኪና ይጫንህ’ ብለሃቸዋል። ዘበኛው ሰምቷል።”

የደላላው ፊት አመድ መሰለ። “ብያለሁ። ስናደድ ብዙ ነገር እላለሁ። ለአማቴም ብዙ ነገር ብያለሁ፣ እሷም ይኸው በሕይወት አለች። ግን ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበርኩ።”

ሳጅኑ ሄዶ አጣራ። ጥርስ ሐኪሟ ከጄኔሬተሯ ጩኸት በላይ እየጮኸች አረጋገጠችለት። ሰውየው ለሁለት ሰዓት አፉን ከፍቶ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ያለ ጥርጥር በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው አለች።

“በቃ ከእጃችን ወጣ፤” አለ ሳጅኑ ሲመለስ፣ ቅር ብሎት።

“መጀመሪያም አልገባም፤” አለች። “አስበው እስቲ። ድጋፍ ሳያቆም መኪና ስር የማይገባ ሰው ናቸው፤ ሁለቱንም ይዘው መጥተዋል። ፈገግታ ክሪኩን ይዞ ቆሞ እሳቸው ከስር ይተኙለታል?”

* * *

የሟቹ ቤት ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ከሌላ ነገር ሁሉ ይልቅ ይጮኻል። ጎረቤቶች ግቢውን ሞልተውታል። ወንበር የሚያወጡትና የሚደረድሩት አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከጥፍራቸው ስር የገባው ቀለም ውሃ የሚያስለቅቀው ዓይነት አይደለም።

“የባሌ ጓደኛ ነው፤” አሉ ሚስትየው፣ ኢንስፔክተሯን ጓዳ አስገብተው። “ባትላሜራ ነው። የተጣመመ መኪና አቅንቶ ሲቀባ እናቱ አትለየውም፤ እጀ ወርቅ ነው የሚሉት። አርባ ዓመት አንድ ጋራዥ ሠርተዋል። ልጆቼ አጎት ነው የሚሉት።”

“እማማ፣ ጋሼ ያለ ድጋፍ መኪና ስር ይገቡ ነበር?”

ሴትየዋ እያለቀሱ ሳቅ አመለጣቸው። “እሱ? በወጣትነቱ አንድ የሥራ ባልደረባው ክሪክ ከድቶት እግሩ ሲቆረጥ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ አልጋ ስር ቢወድቅ እንኳ ‘ነይ ያዢልኝ’ ብሎኝ ነው የሚገባው። ሰው ይዞለት እንጂ ብቻውን አይገባም።”

“ሰው ከያዘላቸውስ?”

“የሚያምነው ሰው ከሆነ።”

ኢንስፔክተሯ ስትወጣ እጀ ወርቅ ግቢው በር ላይ ጠበቋት። ዓይናቸው ቀልቷል።

“ልጄ፣ የምረዳሽ ነገር ካለ...” አሉ። “የኔ ጋራዥ ከዚያ ግቢ ኋላ ሁለት መንገድ ብቻ ነው። ጩኸቱን ብሰማ ኖሮ! ከሰዓቱን ሙሉ የአንድ ታክሲ በር ቀለም ስረጭ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ሲንጫጫ ሰው ቢሞትም አይሰማ።”

የተናገሩትን ራሳቸው ሰምተው አንገታቸውን ደፉ።

“ይርዱኝ እንግዲያው፤” አለች። “ጋሼ እዚያች መኪና ላይ አንድ ነገር አግኝተዋል። ነገ ጠዋት መጥተው ቢያዩልኝ።”

ሽማግሌው ከጥፍራቸው ስር ያለውን ቀለም ፋቁ። “እሺ፤” አሉ በመጨረሻ። “ለሱ ያልሆንኩ ለማን እሆናለሁ።”

* * *

በማግስቱ ጠዋት እጀ ወርቅ ኮታቸውን አጥፈው አስቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሥራቸውን ማየት ራሱ ያስደስታል። መኪናዋን ከሩቅ ቆመው ጎኗን በብርሃን ተመለከቱ። በሮቿን አንድ በአንድ ከፍተው ዘጉ፣ ድምፃቸው አንድ ዓይነት መሆኑን አዳመጡ። የሟቹን ማግኔት ከነጨርቁ አንሥተው በግራው ጎን፣ በኋላው ሣንዱቅ፣ በጣሪያው ላይ አስጠጉ። በሁሉም ላይ ጥብቅ ብሎ ያዘ። የኋላ በሯ ላይ ብቻ ሸርተት አለ።

“እዚህ ተጭራ ተቀብታለች። ትንሽ ነገር ናት።”

ወደ ፊት ቀኝ ጥግ ሲደርሱ ማግኔቱን ኪሳቸው ከተው በመዳፋቸው ዳበሷት።

“እዚህስ?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“የኔ መዳፍ ከማግኔት ይበልጣል፤” አሉ ፈገግ ብለው። “ይቺ መኪና ተመትታ አታውቅም። ምስኪን፣ እርጅና ነው። ምናልባት የሌለ ነገር አይቶ ይሆናል።”

ማግኔቱን ተቀብላ፣ አመስግና ሸኘቻቸው። ግን ሥራ የለመደ እጅ ማረፊያውን ያውቃል፤ ያን ጥግ ሲዳብስ የሽማግሌው እጅ አላረፈም፤ ቶሎ ተነሣ። ደግሞስ መኪናዋ ንጹህ ከሆነች ጋሼ ጆሮ “የምጠይቀው ሰው አለ” ያሉት ምኑን ሊጠይቁ ነው?

ከሰዓት በኋላ የፖሊስ ጋራዥ ኃላፊውን አስመጣች። እንቅልፋም የሚመስል ወፍራም ሰው ነው፤ የነርሷን የቀጠሮ ካርድ ተቀብሎ እንደ ትእዛዝ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ማግኔቱን አንሥቶ በቀጥታ ወደ ፊት ቀኝ ጥግ ሄደ። ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ አስጠጋው።

ማግኔቱ መሬት ወደቀ።

“ስቱኮ፤” አለ። “ጣት ውፍረት ስቱኮ። ኮፈኑም እስከዚህ ድረስ ተቀጥቅጦ ተቃንቷል።” መስታወቱ ጥግ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አነበበ። “የፊት መስታወቱ ከሌሎቹ በዘጠኝ ዓመት ያነሰ ነው። የቀኝ መብራቱም አዲስ ነው፤ ግራውን እዪው፣ ቢጫ ሆኗል። ኢንስፔክተር፣ ይቺ መኪና አንድ ነገር በኃይል መትታለች። ግን ግንብ አይደለም፤ ግንብ ቢሆን አጥንቷ ይጣመም ነበር። ለስለስ ያለ ነገር ነው።”

ኢንስፔክተሯ ማግኔቱን ከመሬት አነሣች።

“የሠራውስ?” አለች ቀስ ብላ።

“ሊቅ ነው። ይኸው የኮፈኑን ብሎን ፈትቶ ሲመልስ መፍቻ የላጠውን ቀለም በቀጭን ብሩሽ መልሶ ቀብቶታል። ማንም እንዲህ አይደክምም። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።”

* * *

ሳጅኑ መዝገብ ቤት ገብቶ አቧራ ለብሶ ወጣ። ከአሥራ ሦስት ወር በፊት አንድ ልብስ ሰፊ በማለዳ ብስክሌቱ ላይ ሆኖ ተገጭቶ ሞቷል። ከኋላው ሰፍቶ የጨረሳቸውን የተማሪ ዩኒፎርሞች ጭኖ ነበር፤ መንገዱ ላይ ተበትነው ተገኙ። ገጪው አልታወቀም። ፋይሉ ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ የቀኝ መብራት ስባሪና ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቀለም አለች።

“ባለቤቱ!” አለ ሳጅኑ፣ ፊቱ በርቶ። “መኪናዋን የሚሸጣት ሰው ገጭቷል፣ አሠርቷል፣ አሁን ሊያስወግዳት ነው። ጋሼ ጆሮ ሲያውቁበት ገደላቸው።”

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። መነጽራቸው ወፍራም ነው፤ ኢንስፔክተሯን ሲያስገቡ የበሩን ጫፍ በጣታቸው ፈልገው ነው የያዙት።

“ተመትታ አታውቅም፤” አሉ በቁርጥ። “አስተማሪ ነኝ፤ ለልጅ እንኳ ውሸት ጽፌ አላውቅም።”

“መምህር፣ ፊቷ ሙሉ በሙሉ ተሠርቷል።”

“የፊቷ? የኋላ በሯ ነው እንጂ የተጫረው! ዓይኔን ቀዶ ጥገና ስገባ ሐኪም ቤት አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። እስክወጣ ይጨርሱልኝ ብዬ ለማሠራት ሰጠኋት። ስወጣ እንደ ሙሽራ አጥበው አስረከቡኝ። ዓይኔ ግን ከዚያ በኋላም ስላልተሻለው ለመሸጥ ወሰንኩ።”

መሳቢያ ከፍተው የሐኪም ቤቱን ወረቀት ሰጧት። ልብስ ሰፊው የሞተበት ቀን ከአሥራ አንዱ ቀን አምስተኛው ነበር።

“ሁለቱም ዓይንዎ ታሽጎ ነበር?”

“ሁለቱም። ምግብ እንኳ እህቴ ናት ያጎረሰችኝ።”

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አጥፋ ለጥቂት ጊዜ በእጇ ያዘችው። የሚቀጥለውን ጥያቄ መልስ ከመጠየቋ በፊት አወቀችው፤ ባታውቀው ደስ ባላት።

“መኪናዋን ለማን ነበር የሰጡት?”

“ከግቢው ኋላ ላሉት ነዋ። ለእጀ ወርቅ።”

* * *

የእጀ ወርቅ ጋራዥ በር ገርበብ ብሏል። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በአሸዋ ወረቀት የታክሲ በር እየላጉ ነበር። ሲያዩዋት እጃቸው አላቆመም።

“በሩ አልተቀባም እንዴ?” አለች።

“ቀለሙ አላማረኝም።”

“ከትናንት ወዲያ ከሰዓት ሲረጩት ነው ያላማረዎት?”

“አዎ።”

“ጋሼ፣ ጄኔሬተር አለዎት?”

“ከየት አመጣለሁ? ድሃ ነኝ እኮ...” አሉና አቆሙ።

የአሸዋ ወረቀቱም ቆመ። ከጥግ ያለው ኮምፕሬሰር ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ከትናንት ወዲያ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ በዚህ ሰፈር መብራት አልነበረም፤ ውሃ መሳቢያ እንኳ ቆሞ አጣቢዎች ቤታቸው ገብተዋል።

“ያለ መብራት አይረጭም፤” አለች ኢንስፔክተሯ፣ ድምፏን ሳታነሣ። “ያን ጥግም ትናንት ጠዋት በማግኔት አላዩትም። በከተማው ሁሉ የተሠራ መኪና ከሩቅ የሚለዩ ሰው የጣት ውፍረት ስቱኮ ዘለሉ።”

ሽማግሌው የአሸዋ ወረቀቱን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ሳጅኑ በር ላይ ቆሟል፤ ግን የሚሮጥ ሰው አልነበረም።

“ቀለም ላመጣ ነበር የወጣሁት፤” አሉ። “በማለዳ። መኪናዋ የሰው ናት፣ መንዳት አልነበረብኝም። ፀሐይዋ ፊት ለፊት ወጣችብኝ። ብስክሌቱን ያየሁት መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ነው። ወርጄ አየሁት። ሞቷል ልጄ፤ ሞቶ ነበር፣ እውነቴን ነው። ያ ሁሉ የልጆች ልብስ መንገድ ላይ...”

“ከዚያስ?”

“በሩን ዘግቼ አምስት ቀን ሠራሁ። መብራቱን ከሌላ ከተማ ገዛሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም።” እጆቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው። “ጥበቤን ሁሉ ለክፉ ነገር አዋልኩት። ያንን ነው እሱ ያወቀብኝ።”

“ጋሼ ጆሮ መጡ እዚህ?”

“በእግሩ መጣ፤ በኋላ በር ወጥቶ። ያችን በብሩሽ የቀባኋትን ብሎን ማየቱን ነገረኝና መጀመሪያ ሳቀ። ‘እንዲህ የሚጠበብ አንተ ብቻ ነህ’ አለኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ‘ይቺን መኪና እንደሠራህ ለምን አልነገርከኝም? ምን መታህባት?’ አለኝ። ዝም አልኩ። አርባ ዓመት ያውቀኛል፤ ዝምታዬን ያነባል። ‘ና፣ አብረን እንያት። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል’ አለኝ። ልመና ነበር እኮ የሚመስለው። ሄድን። ጎማውን አብረን ፈታን። እሱ ድጋፎቹን ጠርጎ ከትቶ ጨርሶ ነበር፤ ላወጣቸው ስል ‘ተወው፣ አንተ አለህልኝ አይደል፤ ክሪኩን ያዝልኝ’ ብሎ ገባ።”

ውጭ የሆነ ሰው ሞተር ያስነሣል፣ ይጠፋበታል፣ ደግሞ ያስነሣል።

“ከስር ሆኖ በባትሪው እያየ ነው ያወራኝ፤” አሉ ሽማግሌው። “አልተቆጣም። ‘ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። ብቻህን አልልክህም፤ አጠገብህ እቆማለሁ’ አለኝ። ነገ ጠዋት ሲል አንድ ነገር ውስጤ... ነገ የሚባለውን ቀን ፈራሁት። እጄ የክሪኩ ብሎን ላይ ነበር።”

ከመሳቢያቸው አንድ ጥቁር ደብተር አውጥተው ዘረጉላት። “ላቃጥለው እሳት አነደድኩ። የሱን ጽሕፈት ሳይ አቃተኝ።”

ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። በእርሳስ፣ በተስተካከለ ፊደል ተጽፏል፦ “ሞተር ጤነኛ። ቻሲ ትክክል። ምንጣፍ ስር ደረቅ። የፊት ቀኝ ስቱኮ፣ መብራትና መስታወት አዲስ።” ከዚያ አንድ መስመር ዘሎ፦ “የሠራውን እጅ አውቀዋለሁ። በተሳሳትኩ።”

* * *

በዚያው ከሰዓት ኢንስፔክተሯ ሁለት ቤት ሄደች። የልብስ ሰፊው ሚስት ነገሩን እስከ መጨረሻው ካዳመጠች በኋላ “መኪናው ምን ዓይነት ቀለም ነበር?” ብላ ብቻ ጠየቀች። ሰማያዊ መሆኑን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። “እኔ በሕልሜ ሁልጊዜ ጥቁር ነበር የማየው” አለች።

የመካኒኩ ሚስት ደግሞ የባላቸው ጓደኛ ወንበር ሲያወጣ፣ ሲደረድር፣ ልጆቻቸውን አቅፎ ሲያለቅስ የነበረበትን ግቢ አንድ ጊዜ አይተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ኢንስፔክተሯ ደጃፉ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆማ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ቃላቸውን ፈርመው ወደ ማረሚያ ቤት የሚተላለፉበት ነበር። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ አየቻቸው። ጥቁር ሻርፕ አጣፍተዋል፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል።

“እማማ! ምነው? ማን አመጣዎት?”

“ብቻዬን ነው የመጣሁት።” ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው በሦስት ቀን ውስጥ ከስቷል። “ይቅር ልለው አይደለም። እንዳይመስልሽ። ይቅር የምለው ቀን ይምጣ አይምጣ አላውቅም።”

“ታዲያ?”

“ባሌ ‘ፖሊስ ጣቢያ አብሬህ እሄዳለሁ፣ አጠገብህ እቆማለሁ’ ብሎት ነበር አላልሽኝም?”

“ብለዋቸው ነበር።”

“እሱ በዕድሜው ሙሉ ያለውን ሳያደርግ የቀረበት ቀን የለም። ይኼንን ግን ሳይፈጽመው ሞተ።”

ከኮሪደሩ ጫፍ በር ተከፈተ። ሳጅኑ ሽማግሌውን ይዞ ወጣ፤ ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ሲመጡ ሴትዮዋን ገና አላዩም ነበር። ሴትዮዋ አግዳሚውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ኢንስፔክተሯ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል ቀስ ብለው እጇን አስለቀቁ። ሻርፓቸውን አስተካከሉ።

“በይ ንገሪኝ ልጄ፤” አሉ። “የት ጋ ነው የምቆመው?”